ከኦሊቬቲ እስከ ዩኒኮድ፦ የአንዲት ጸሐፊ የሥራ ዘመን

የዛሬው ዝግጅታችን በመሥሪያ ቤት የምንሠራባቸው ኮምፒውተሮች በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጡ ይመለከታል። ባለታሪካችን መሐንዲስ ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለችም፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ስም አልሰጠናትም። በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ በባንኮችና በፋብሪካዎች የጽሕፈት ክፍል ዕድሜያቸውን የጨረሱ ብዙ ሴቶችን ትወክላለች እንጂ አንዲት የታወቀች ሰው አይደለችም። በታሪኳ ውስጥ የሚነሡት መሣሪያዎች፣ ባለሙያዎችና ዓመታት ግን እውነተኞች ናቸው። ዓመታቱንና ቀናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንድትይዙልን እንጠይቃለን።

ጸሐፊዋ በ1979 በሃያ ዓመቷ ተቀጠረች እንበል። የተማረችው ሰንጋ ተራ፣ የአዲስ አበባ ሰው ኮሜርስ ብሎ በሚጠራው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ኮሜርስ በ1943 ተቋቁሞ ለአገሪቱ መሥሪያ ቤቶች የሒሳብ ሠራተኞችንና ጸሐፊዎችን ሲያስተምር የኖረ ተቋም ነው። እዚያ ተማሪዋ ዓይኗን ከረቂቁ ላይ ሳትነቅል በአሥሩም ጣቶቿ መምታት ተምራለች። ለቅጥር ስትቀርብም የተፈተነችው በፍጥነቷና በጥራቷ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል መታች፣ ከዚያ ውስጥስ ስንቱን ተሳሳተች?

ጠረጴዛዋ ላይ የጠበቃት ከባድ የብረት መኪና ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ከሚታወቁት አንዱ የጣሊያኑ ኦሊቬቲ ኩባንያ የሠራው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነበር። ይህ መሣሪያ ሲነሣ ግን አስቀድሞ የሚጠራው የኢንጂነር አያና ብሩ ስም ነው። ለላቲን ፊደል የተሠራውን መኪና ለአማርኛ እንዲያገለግል ለማድረግ ሲነሡ የገጠማቸው ችግር በቀላል ሒሳብ ይገባል። 33ቱ ፊደላት እስከ ሳብዕ ድረስ ሲረቡ 231 ይሆናሉ። እነ ሏ፣ እነ ቧ፣ የግዕዙ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህ ያልፋል። የጽሕፈት መኪና ያለው ግን አርባ ምናምን ቁልፍ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም።

መፍትሔው ፊደሉን መከፋፈል ሆነ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ መሠረቱን ትመታለች፤ ቀጥላ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ ለብቻው ትመታበታለች። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ ያለ ድርብ ምት ምን ያህል ጊዜ እንደሚደጋገም አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ያውቀዋል። ቅጥያው ሁልጊዜም ከፊደሉ ጋር አይገጥምም ነበር፤ አንዳንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አንዳንዱ ዝቅ ብሎ ያርፋል። በየመዝገብ ቤቱ ያሉ የዚያ ዘመን ደብዳቤዎች አሁንም ይህ መልክ ይታይባቸዋል። እንዲህም ሆኖ የአንድ ትውልድ የመንግሥትና የንግድ ሥራ የተካሄደው በዚህ መኪና ነው፤ የአያና ብሩ ድካምም ከዚህ አንጻር ሲመዘን ትልቅ ውለታ ነው።

አሁን አድማጮች፣ የዚያን ጊዜ አንድ ደብዳቤ እንዴት እንደሚወጣ ቀረብ ብለን እንይ። ኃላፊው ረቂቁን በእጁ ጽፎ ይልካል። ጸሐፊዋ አንድ ነጭ ወረቀት፣ ከሥሩ ካርቦን፣ ከካርቦኑ ሥር ስስ ወረቀት፣ እንደገና ካርቦን፣ እንደገና ስስ ወረቀት አድርጋ ታስገባለች። ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች በበዙ ቁጥር ድርድሩ ይወፍራል፣ ቁልፉም በኃይል መመታት አለበት፤ አለዚያ የመጨረሻው ቅጂ አይነበብም። አንድ ፊደል ከተሳሳተች ዋናውን ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለውን እያንዳንዱን ቅጂ በላጲስ ማጥፋት፣ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ቦታው መልሳ በትክክል ማሳረፍ ይኖርባታል። ስሕተቱ የገንዘብ ልክ ከሆነ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። ገጹ ከመጀመሪያው ይመታል። በደብዳቤው ግርጌ የኃላፊውና የእርሷ ስም የመጀመሪያ ፊደላት በእዝባር ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ስሕተት ቢገኝ ማን እንደመታው ይታወቃል።

ለብዙ ሰው የሚሠራጭ መመሪያ ሲሆን ደግሞ ተራው የስቴንስል ነው። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። ጸሐፊዋ የመኪናውን ሪባን በማርሽ ታወርደዋለች፤ ፊደሉ ባዶውን ሲመታ ሰሙን እየቀደደ ያልፋል። የሚያዩት ቀለም ስለሌለ የመታችውን ለማንበብ ወደ ብርሃን አስጠግታ ታያለች። ከተሳሳተች ቀላ ያለ ፈሳሽ ቀብታ፣ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ በላዩ ላይ ደግማ ትመታለች። የተመታው ስቴንስል ማባዣ ክፍል ሄዶ ጌስቴትነር በሚባለው መኪና ከበሮ ላይ ይጠመጠማል፤ ቀለሙ በተቀደደው በኩል እየወጣ በወረቀቱ ላይ ያርፋል። የትምህርት ቤት ፈተና፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የማኅበራት መግለጫ ሁሉ በዚህ መንገድ ይወጣ ነበር። ይህን ሥራ ጨርሳ ወደ ቤቷ የምትሄድ ጸሐፊ ቀለም ከጣቷ ሳይለቅ ነው እራት የምታቀርበው።

ጸሐፊዋ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1981፣ አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ አቀረበ። ያ ማሽን በዛሬ ዓይን ሲታይ አቅሙ እጅግ ጥቂት ነው። መደበኛ የማስታወሻ አቅሙ 16 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ የዚያን ብዙ እጥፍ ቦታ ትይዛለች። ሆኖም የዓለምን የቢሮ ሥራ መልክ የቀየረው እርሱና እርሱን መስለው የተሠሩት ናቸው።

ወደ ጸሐፊዋ ክፍል የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። ሲደርስም አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ እንደ እንግዳ ተከብሮ ተቀመጠ። የሚሠራው ዶስ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ማውዝም የለውም፤ ትዕዛዙ ሁሉ በጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ትዕዛዞቹን በማስታወሻ ደብተር ጽፋ መያዝ ግድ ሆነባት። የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች ወደዚህ ማሽን ተሻገሩ፤ አማርኛው እዚያው ኦሊቬቲው ላይ ቀረ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ይሠራ ጀመር፤ በአንደኛው ላይ ስሕተት በአንድ ቁልፍ ይጠፋል፣ በሌላው ላይ ላጲሱና ካርቦኑ እንዳሉ ናቸው። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለነበር ጸሐፊዋ አብዛኛውን ቀን የምታሳልፈው በአሮጌው ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡት ባለሙያዎች በአገር ቤትም በውጭም ነበሩ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ይኖሩ የነበሩት የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ በ1980ዎቹ ሞድኢት የሚባለውን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ሠሩ። ፊደሉን እንደ ጽሕፈት መኪናው ሳይቆራርጡ ሙሉ ቅርጹን ይዞ እንዲታተም ማድረጋቸው ዋናው ቁም ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥም በብሔራዊ የኮምፒውተር ማዕከል አጋፋሪ የሚባል መጻፊያ ተዘጋጀ። ለጸሐፊዋ ይህ የመጀመሪያው እፎይታ ነው። በአማርኛ የጻፈችውን አስቀምጣ፣ በማግስቱ ከፍታ፣ ቀኑንና የተቀባዩን ስም ብቻ ቀይራ ማውጣት ቻለች። ኃላፊው አንድ አንቀጽ ቢጨምር ገጹን እንደ አዲስ አትመታም። ኤፕሰን በሚባለው ማተሚያ ጩኸት ቢሮው ቢረበሽም ካርቦኑ ከመሳቢያ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ዊንዶውስ መጣ። ዊንዶውስ 95 ነሐሴ 1995 ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ማውዝና ባለ ቀለም ገጽታ በየቢሮው ተለመዱ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዡዋል ግዕዝ፣ ብራና የሚባሉት የአማርኛ መጻፊያዎች የተስፋፉትም በዚህ ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛው ቁልፍ ሰሌዳ ኤልን ነክቶ ዩን ሲያስከትሉ ሉ ይወጣል። የኦሊቬቲውን የቁልፍ አቀማመጥ በጣቶቿ የያዘችው ሴት ሠላሳ አምስት ዓመት ከሞላት በኋላ ጣቶቿን እንደ አዲስ አሠለጠነች። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ይህን የተማሩት ከምሳ ሰዓታቸው ቆርሰው ወይም ከሥራ በኋላ በራሳቸው ገንዘብ ነው። ስለ ቴክኖሎጂ ስንናገር ማሽኑን ያስገባውን መሥሪያ ቤት እናመሰግናለን፤ ማሽኑን ያሠሩት ሴቶች ያወጡት ጉልበት ግን ተገቢውን ምስጋና አግኝቷል ለማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረጋ ብለን ማስረዳት ይኖርብናል፤ የዛሬው ትምህርታችን ዋና ነጥብ እርሱ ነውና። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፎንት የሚባለው ደግሞ ለዚያ ቁጥር የሚሳለውን ቅርጽ ይይዛል። ለምሳሌ የእንግሊዝኛው ትልቁ ኤ ቁጥሩ 65 ነው። በዚያ ዘመን በአንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለትዕዛዝ የተያዘ ነው። የአማርኛ ፎንት የሠሩት ሰዎች ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የአማርኛ ፊደል ሳሉባቸው። ኮምፒውተሩ 65ን ሲያነብ በኤ ፈንታ አንድ የአማርኛ ፊደል ያሳያል። ቦታው ስላልበቃም አንዳንዱ ፊደሎቹን ወይም ቁጥሮቹን ወደ ሌላ ተጨማሪ ፎንት አሻገረ።

ችግሩ እያንዳንዱ ኩባንያ ቁጥሮቹን በራሱ መንገድ መደልደሉ ነው። በአንዱ ፎንት መ የሆነው ቁጥር በሌላው ሸ ነው። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት ወደሌለበት መሥሪያ ቤት ዲስኬት በሚባለው የመረጃ መያዣ ሲሄድ፣ የሚከፈተው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ሆኖ ነው። ጸሐፊዋ አንዲቷን የ1.44 ሜጋባይት ዲስኬት ለደብዳቤው፣ ሌላዋን ለፎንቱ ይዛ ከክፍል ክፍል ትመላለስ ነበር። ኃላፊው በችኮላ ጠቅላላውን ጽሑፍ መርጦ ፎንቱን ወደ እንግሊዝኛው ታይምስ ቢቀይረው፣ ዘገባው ሁሉ በአንድ ጊዜ የማይነበብ ይሆናል፤ ምን እንደሆነ ገብቷት የምትመልሰውም እርሷው ናት። ነገሩን በመጽሐፍ አላነበበችውም። ስንት ጊዜ ተጠርታ ስታስተካክል ያወቀችው ነው።

በ1997 ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር ይኸው ችግር ወደ ኢሜይል ተሻገረ። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ተቀባዩ ዘንድ ፊደሉን ይዞ ስለማይደርስ ሰዉ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ያዘ። ለዚህ ሥርዓት ለማበጀት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በአሜሪካ ሆነው ሴራ የሚባለውን የአጻጻፍ ደንብ አዘጋጅተው ነበር፤ በደንቡ መሠረት በትንሹ ቲ ተ፣ በትልቁ ቲ ጠ ይጻፋል። ይህ ልማድ በዛሬዎቹ የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳዎች ላይ አለ። ጠን ለመጻፍ ሺፍት ይዛችሁ ቲን የምትነኩ አድማጮች ከዚያ ዘመን የተወረሰ ሥራ እየተጠቀማችሁ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ከዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ፣ ለእያንዳንዳቸው የማይደጋገም የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ነው። መስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሀ ዩኒኮድን በሚጠቀም ኮምፒውተር ሁሉ ቁጥሩ 4608 ነው። ሁ 4609፣ ለ 4616 ነው። ፎንቱ ቢቀየር፣ አገሩ ቢቀየር፣ ኩባንያው ቢቀየር ሀ ሀ ነው። በ2005 በወጣው ዕትም ደግሞ ለሌሎች በግዕዝ ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ተካተቱ።

በቢሮ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚወራው የማሽኑ ፍጥነት ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ ከፍጥነቱ ሁሉ የበለጠው ይህ የቁጥር ስምምነት ነው። ኮምፒውተሩ አሥር እጥፍ ቢፈጥንም የጻፈችው ሌላ ቦታ ካልተነበበ ትርፉ ድካም ነው። አንድ ፊደል አንድ ቁጥር ሲኖረው ግን ጽሑፉ ይላካል፣ ይፈለጋል፣ በፊደል ተራ ይደረደራል፣ ከማኅደር ይወጣል።

ስምምነቱ ጠረጴዛዋ ላይ እስኪደርስ ሌላ ከሰባት ዓመት በላይ ወሰደ። በጥር 2007 ለሸማች የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ከውስጡ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ሰው ፎንት መለመን ያስፈለገው የለመደውን ለመተው ያልፈለገው ብቻ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን በአሮጌው ቀጠሉ። ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ የደብዳቤ ቅጾቻቸው፣ የደመወዝ ሰነዶቻቸውና መመሪያዎቻቸው በሙሉ በቀድሞው ፎንት የተጻፉ ናቸው።

ከዩኒኮድ በኋላም ያልጠሩ ነገሮች አሉ። አራት ነጥብ በዩኒኮድ የራሱ የሆነ አንድ ቁጥር አለው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ይጽፈዋል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። የሰው ስም ላይ ሲደርስ ይብሳል። ኃይሌ የሚባል ሠራተኛ በአንዱ መዝገብ በብዙኀኑ ኀ፣ በሌላው በሃሌታው ሀ ከተመዘገበ ፍለጋው አያገኘውም። የጡረታ መረጃው የጠፋበት ሰው በአካል መጥቶ መስኮት ላይ ሲቆም፣ ስሙን በሦስቱም ሀ እየቀያየረች ፈልጋ የምታገኝለት ልምድ ያላት ጸሐፊ ናት።

በዚህ ሁሉ መሐል ሥራዋ ራሱ ሌላ መልክ ያዘ። ታይፒስቶች ተደርድረው የሚመቱበት ክፍል ተዘጋ። ኃላፊዎች ደብዳቤያቸውን ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። የእርሷ ቀን ወደ ቀጠሮ፣ ኢሜይል፣ ስካን፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የሰነድ አያያዝ ዞረ። ከቀበሌና ከፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ በጽሕፈት መኪና ይመቱ የነበሩ ሰዎችም ኮምፒውተር፣ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን የሚል ሰሌዳ ወደተለጠፈባቸው ትንንሽ ክፍሎች ገቡ። በ2016 ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ሲያስገባ ለትርጉሙ የሚያስፈልገው የአማርኛ ጽሑፍ በዩኒኮድ ተጽፎ በድረ ገጾች ላይ መገኘቱ ወሳኝ ነበር። በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተጻፈውን ግን እንዲህ ያለ ማሽን እንደ አማርኛ አያነበውም።

በ2019 ጸሐፊዋ ስድሳ ዓመት ሞላትና ጡረታ ወጣች። በካርቦን ጀምራ፣ በስቴንስል፣ በዶስ፣ በዲስኬትና በዊንዶውስ አልፋ፣ አማርኛ በእጅ ስልክ በሚጻፍበት ዘመን ጨረሰች። በአርባ ዓመት ውስጥ የሥራ መሣሪያዋ ቢያንስ አራት ጊዜ ከሥሩ ተለውጧል፤ በየጊዜውም ተምራ ተከትላዋለች።

እርሷ ከወጣች በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረ ነገር አለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በፓወር ግዕዝ፣ በቪዡዋል ግዕዝና በሌሎችም ፎንቶች የተጻፉ ውሳኔዎች፣ ጥናቶች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የሠራተኛ ማኅደሮች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮችና ዲስኮች ላይ ተቀምጠዋል። ዲስኬት የሚያነብ ማሽን እየጠፋ ነው። ፎንቶቹም በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ አይገኙም። ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ካለ ቢያንስ ይነበባል፤ ፋይሉ ግን የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደነበር የሚያውቅ ካልተገኘ የማይፈታ ሆኖ ይቀራል። እነዚህን ጽሑፎች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ የሚቻል ሥራ ነው፤ የእያንዳንዱን ፎንት ድልድል የሚያውቅ ባለሙያ የመለወጫ ፕሮግራም ሊጽፍለት ይችላል። አስቸጋሪው የትኛው ሰነድ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈና የት እንደተቀመጠ ማወቁ ነው።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የሆናችሁ አድማጮቻችን፣ በዚህ ዓመት ከዕቅዳችሁ ውስጥ ለዚህ ሥራ ጥቂት ሳምንታት መድቡለት። አሮጌ ኮምፒውተር ከንብረት ክፍል በጨረታ ከመሸጡ በፊት ውስጡ ይታይ፣ ሰነዱ ይገልበጥ፣ ፎንቱም አብሮ ይቀመጥ። ከዚያም ጡረታ የወጡ ጸሐፊዎቻችሁን ስልክ ደውላችሁ ጥሯቸው፤ የትኛው ዲስክ ላይ ምን እንዳለ፣ በምን ፎንት እንደተጻፈ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ስትጠሯቸውም ለሙያቸው ተገቢውን ክፍያ ፈጽሙላቸው።